በሊማሊሞ ቁልቁለት የመኪና ፍሬንና የኤ.ቢ.ኤስ. ተግባር

ከጎንደር ተነሥቶ በደባርቅ በኩል ወደ አዲ አርቃይ የሚጓዝ መንገደኛ ሊማሊሞን ሳይወርድ አይደርስም። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ወርረው በቆዩበት ዘመን ገደሉን ፈልፍለው ያወጡት ይህ ጠመዝማዛ መንገድ፣ ከደባርቅ ደጋ እስከ ዛሪማ ቆላ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ያወርዳል። «መኪናው ኤ.ቢ.ኤስ. ስላለው ፍሬኑ አይበጠስም» ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። አባባሉ በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ላይ ሕይወት የሚያስከፍል ስሕተት ሆኖ ስላገኘነው፣ መሣሪያው በእውነቱ ምን እንደሚሠራ ለመግለጽ እንሞክራለን።

ሾፌሩ ፔዳሉን በረገጠ ጊዜ በዋናው ፖምፓ ውስጥ ያለው የፍሬን ዘይት ይገፋል። ዘይቱ ቢጨመቅ እምብዛም የማይታመቅ ስለሆነ የእግሩ ኀይል በቀጭን ቱቦ አልፎ ከእያንዳንዱ ጎማ ዘንድ ይደርስና ሸራውን ከዲስኩ ወይም ከታምቡሩ ጋራ ያጣብቀዋል። ግፊቱ መሬቱ ሊይዝ ከሚችለው በላይ የሆነ እንደ ሆነ ግን ጎማው መዞሩን ትቶ ይንሸራተታል። የተንሸራተተ የፊት ጎማ መሪ አይታዘዝም፤ ይህ በሊማሊሞ መታጠፊያ ላይ ምን ማለት እንደ ሆነ ለአንባቢ መንገር አያሻም።

ደንሎፕ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ማክሳሬት የሚባል መከላከያ ለአይሮፕላን ጎማ አውጥቶ ነበር። በኤሌክትሮኒክ የሚሠራውን ቦሽና መርሴዲስ ቤንዝ ለመኪና ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1978 ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በየጎማው አጠገብ ፍጥነትን የሚለካ መሣሪያ አለ። አንዱ ጎማ ከመኪናው ፍጥነት ጋራ በማይመጣጠን ሁኔታ በድንገት መዞሩን ሲቀንስ፣ ኮምፒዩተሩ ሊቆለፍ መሆኑን ይረዳል። ወደዚያ ጎማ በሚሄደው ዘይት ላይ ሁለት ቫልቮች ተሠርተዋል፤ አንዱ መግቢያ፣ ሁለተኛው መውጫ ነው። በመጀመሪያ መግቢያው ይዘጋል፤ ሾፌሩ የቱንም ያህል ቢረግጥ ግፊቱ ባለበት ይቆማል። ጎማው አሁንም ሊቆለፍ ከሆነ መውጫው ይከፈትና ጥቂት ዘይት ወደ ትንሽ ማጠራቀሚያ ይፈሳል፤ ግፊቱም ይቀንሳል። ጎማው መዞር ሲጀምር መውጫው ተዘግቶ መግቢያው ይከፈታል። የወጣውን ዘይት በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፖምፕ ወደ መጣበት ይመልሰዋል። ይህ ሁሉ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ሾፌሩ በእግሩ ሥር የሚሰማው መንቀጥቀጥ ይኸው ነው፤ ብልሽት መስሎት እግሩን ቢያነሣ ግን ረዳቱን ራሱ አሰናበተው ማለት ነው።

እንግዲህ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ኤ.ቢ.ኤስ. የእግርን ግፊት ይቀንሳል፣ ይይዛል፣ መልሶም ይለቃል እንጂ የጠፋ ግፊትን አይፈጥርም። (በኋላ የመጡት የመረጋጊያ መሣሪያዎች በራሳቸው ግፊት መስጠት ይችላሉ፤ ነገር ግን እነርሱም የሚገፉት ያንኑ ዘይት ነው።) በሊማሊሞ የሚያሠጋው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የጎማ መቆለፍ ሳይሆን ሙቀት ነው። 2,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ በፍሬን ብቻ ቢያዝ፣ የሚወጣው ሙቀት 58 ሊትር ያህል ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ እስኪፈላ ድረስ ለማሞቅ ይበቃል። ያን ሁሉ የሚሸከሙት አራት ዲስኮች ወይም ታምቡሮች ናቸው። ሸራው ሲግል የመያዝ ኀይሉ ይደክማል። ዶት 4 የተባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ በደንብ ተወስኗል፤ ዘይቱ ግን ከአየር እርጥበት ስለሚጠጣ፣ ውሃ ለያዘው የተወሰነው ዝቅተኛ ልክ 155 ብቻ ነው። ዘይቱ ከፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፤ ስለዚህ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፣ ጎማው ዘንድ የሚደርስ ግፊት የለም። ያን ጊዜ ቫልቮቹ ሁሉ ደኅና ቢሆኑም የሚቈጣጠሩት ነገር አያገኙም።

ስለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሾፌሮች ቁልቁለቱን ሳይጀምሩ ከባድ ማርሽ አስገብተው መኪናውን በሞተሩ የሚይዙት፤ ፍሬኑንም አልፎ አልፎ ብቻ ይረግጣሉ። ማርሹን ዜሮ አድርጎ ነዳጅ እቆጥባለሁ የሚል ግን የሞተሩን እገዛ ጥሎ ሸክሙን በሙሉ በሸራውና በዘይቱ ላይ ያደርጋል።

ፍሬኑ እምቢ ያለው ሾፌር እንደ ምንም መኪናውን አቁሞ ጥቂት ቢያሳርፈው፣ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ወደ ፈሳሽነቱ ይመለሳል፣ ፔዳሉም እንደ ቀድሞው ይጠነክራል። በማግሥቱ አዲ አርቃይ ላይ መኪናውን የሚያየው መካኒክ አንዳች ጉድለት ላያገኝበት ይችላል።