ዝናብ ያገኘው የሱፍ ባርኔጣ

በወንበርማ ወረዳ፣ በሽንዲና አካባቢዋ፣ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ብርቱ ነው። ከገበያ የተመለሰ አባት የራሰ ባርኔጣውን ምድጃ ዳር ያሰጣል፤ ጠዋት ጠብቦ ያገኘዋል። የሱፍ ባርኔጣ እንደ ጋቢ የተሸመነ ሳይሆን የበግ ጠጉር በሙቀት፣ በውሃና በእሽታ ተጠቅጥቆ የተሠራ ነው። ርጥበትና ብርቱ ሙቀት አንድ ላይ ሲያገኙት ይበልጥ ይኮማተራል።

ስለዚህ ከእሳት እናርቀው። ሳንጠመዝዝ ውሃውን በደረቅ ጨርቅ እናንሳለት፤ ውስጡን ንጹሕ ጨርቅ ሞልተን በጥላ እናድርቀው። ከጠበበ፣ እጃችን እንዳይቃጠል እየተጠነቀቅን፣ በማንቆርቆሪያ እንፋሎት እናለስልሰው፤ ከዚያም በራስ ልክ በሆነ ቅል ላይ ቀስ በቀስ ስበን እስኪደርቅ እንተወው። ክፉኛ የተኮማተረ ግን ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ጥንቃቄው አስቀድሞ ቢሆን፣ ለአዲስ ባርኔጣ የሚወጣው ገንዘብ ለልጆቻችን ደብተር ይተርፋል።