የምግብን ስም በባለቤቱ ቋንቋ ስለ መማር
በሱሉልታ የሚነገሩ የኦሮምኛ የምግብ ስሞች

የጎረቤቱን ምግብ የቀመሰ ሰው ብዙ ነው፤ ስሙን አጥርቶ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የታሰበው ከእንጦጦ ባሻገር ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘውና በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለለችው በሱሉልታ የሚነገሩትን የኦሮምኛ የምግብ ስሞች አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ተማሪ በምን ዘዴ ሊይዛቸው እንደሚችል ለማስረዳት ነው።

ነገሩ ቀላል ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከእኛ ከተማሪዎች ብዙዎቹ ነገ በአስተማሪነት፣ በጤና ሠራተኛነት ወይም በእርሻ ባለሙያነት ወደ እንዲህ ያለው ቦታ መሄዳችን አይቀርም። አንዲት አራስ ምን እንደ በላች ተጠይቃ «ማርቃ» ብትል፣ ገንፎ ማለቷ እንደ ሆነ ያላወቀ የጤና ሠራተኛ ምክሩን በምን ላይ ይመሠርታል? በአስተርጓሚ ቢጠይቅም እንኳ የቤቱን ነገር ከቤቱ ባለቤት አፍ እንደ መስማት አይሆንለትም።

የመጀመሪያው ችግር የድምፅ ነው። ኦሮምኛ አማርኛ የሌለው አንድ የ«ደ» ዓይነት አለው፤ ሲነገርም አየሩ ወደ ውጭ በመገፋት ፈንታ ወደ ውስጥ ሳብ ይደረጋል። በግእዝ ፊደል «ዸ» ተብሎ ይጻፋል። ቅቤ «ዸዻ»፣ ጠጅ ደግሞ «ዳዺ» ይባላል። በ«ዳዺ» ውስጥ ፊተኛው እንደ እኛው «ዳ» ሲሆን ኋለኛው ልዩው ድምፅ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን ለይቶ ለመለማመድ ከዚህ የተሻለ ቃል አይገኝም። ሁለተኛው ችግር የአናባቢ ርዝመት ነው። «ዹጋ» መጨረሻው ረዘም ሲል እውነት ማለት ነው፤ ሲያጥር ግን «ይጠጣል» ማለት ይሆናል። የግእዝ ፊደል ይህን ርዝመት አያሳይም። ኦነሲሞስ ነሲብ በአስቴር ጋኖ ረዳትነት የተረጐመውና እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግእዝ ፊደል የተጻፈ ነበር፤ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ የሚሠራበት ቁቤ ግን አናባቢውን ደግሞ በመጻፍ ርዝመቱን ያመለክታል።

ሁለተኛው ነገር የስሞቹ አሠራር ነው። በቻይና በጓንግዶንግና በሆንግ ኮንግ ከሻይ ጋራ የሚቀርቡትን «ዲም ሰም» የተባሉ ትንንሽ ምግቦች ስም የሚማር እንግዳ ሁሉንም በቃሉ አያጠናም። «ሃር» ሽሪምፕ የተባለው የባሕር እንስሳ፣ «ጋው» በስስ ሊጥ የተጠቀለለ፣ «ባው» በእንፋሎት የበሰለ ዳቦ መሆኑን ካወቀ «ሃር ጋው» ምን እንደ ሆነ ራሱ ይደርስበታል። ኦሮምኛም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ የቃላቱ ተራ ነው። ቻይንኛውና አማርኛው ምግቡ የተሠራበትን ነገር ያስቀድማሉ፤ ኦሮምኛ ግን ምግቡን ያስቀድማል። «ቡዴና» እንጀራ፣ «ገርቡ» ገብስ፣ «ጣፊ» ጤፍ ነው። ስለዚህ የገብስ እንጀራ «ቡዴና ገርቡ»፣ የጤፍ እንጀራ «ቡዴና ጣፊ» ይሆናል። «ፎን» ሥጋ፣ «ሆላ» በግ ከሆነ የበግ ሥጋ «ፎን ሆላ» መሆኑን አንባቢው ሳይነገረው ያገኘዋል። በዚህ መንገድ ጥቂት ቃላት ያወቀ ተማሪ ብዙ ስሞችን ሊሠራ ይችላል።

ሱሉልታ በከብት ርቢዋና በወተቷ የታወቀች ስለ ሆነች የወተቱን ስሞች ለይቶ ማወቅ ይገባል። ወተት «ኣነን»፣ እርጎ «ኢቲቱ»፣ አይብ «ባዱ» ይባላል። ከዚህ ላይ አንድ የሚያስደስት ነገር አለ። የእኛው «እርጎ» «ረጋ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ «ኢቲቱ»ም መርጋትን ከሚያመለክት የኦሮምኛ ግሥ የመጣ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች በቃል ሳይመሳሰሉ በሐሳብ ተገናኝተዋል። ከተቆላ ገብስ ዱቄትና ከቅቤ የሚሠራውን ምግብ ደግሞ እኛ «ጭኮ» ስንለው እነርሱ «ጩኮ» ይሉታል።

ለመማር የሚሻለው ስፍራ ገበያና ማጀት ነው። «ኩን ማሊ?» ማለት «ይህ ምንድር ነው?» ማለት ነው። የተነገረንን ስም ባለቤቲቱ ፊት ደግመን እንበል፤ ብታርመን አንፈር፤ ስንለይም አንቱታን የያዘውን ምስጋና «ገለቶማ» እንበል። ቃሉን በጽሑፍ ስናስቀምጥም የአማርኛ ትርጉሙን ብቻ ሳይሆን የተሠራበትን እህልና የሚበላበትን ጊዜ ጨምረን እንመዝግብ። «ማርቃ» ገንፎ ነው ብሎ መጻፍ ጅማሬ ነው፤ ለማንና መቼ እንደሚገነፋ መጻፍ ግን ዕውቀት ነው።