ግንቡ ውስጥ እደሩ

ወደ ሐረር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጡ ሰዎች ሲደውሉልኝ «በአንድ ቀን ስንት ቦታ ታሳየናለህ?» ይሉኛል። እኔ መልሼ የምጠይቃቸው የት እንደሚያድሩ ነው። ብዙዎቹ አውሮፕላኑ የሚያርፈው ድሬዳዋ ስለሆነ ሆቴልም እዚያው ይይዛሉ። ጠዋት የደንገጎን ዳገት ወጥተው፣ በግንብ የታጠረችውን አሮጌ ከተማ ጁገልን አይተው፣ ማታ ለመመለስ ያስባሉ። አስጎብኚ ነኝና የሥራ ቀኔን የሚያሳጥር አሳብ ባይከፋኝም፣ በዚህ አልስማማም።

የሚያሳስታቸው የከተማዋ ትንሽነት ነው። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ግንብ የከበበው መሬት 48 ሄክታር ገደማ ቢሆን ነው። ከሸዋ በር ገብቶ በኤረር በር ለመውጣት ሃያ ደቂቃ ያህል ይበቃል። ታዲያ ግማሽ ቀን ምን ያንሳታል ይባላል። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት ግን በዚህች ቦታ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ መካነ መቃብሮች መኖራቸውን ጠቅሷል።

ደግሞም ሐረር ቀኑን ሙሉ አትታይም። ጠዋት ገበያዋ ይሞላል፤ ከሰባት ሰዓት በኋላ ብዙው ሱቅ ይዘጋል፤ ሰዉ ምሳውን በልቶ በርጫ ላይ ይቀመጣል። አሥር ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ በረድ ትልና መንገዱ እንደገና ሰው ይለብሳል። ከድሬዳዋ ቁርሱን በልቶ የተነሣ፣ አወዳይ ላይ የጫቱን ገበያ ለማየት ወርዶ የቆየ እንግዳ ፈረስ መጋላ አደባባይ ሲደርስ ረፋዱ አልፏል። ቀኑ አርብ ከሆነ ደግሞ የጁምዓ ሶላት ይጠብቀዋል። የተዘጋ በር አይቶ የተመለሰ ሰው «ሐረር ያን ያህል አይደለችም» ሲል ስሰማ ያመኛል።

ስለዚህ አንድ ሌሊት ብቻ ያላችሁ ሰዎች ያን ሌሊት ለጁገል ስጡት። ግንቡ ውስጥ የሐረሪ ቤተሰቦች የሚያስተዳድሯቸው ማረፊያዎች አሉ። ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፤ የሆቴል ምቾትም አትጠብቁ። የምታገኙት ከዚያ የሚበልጥ ነው፤ ቤቱ ራሱ። ጫማ አውልቃችሁ ስትገቡ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ ቀያይ መደቦች ታያላችሁ፤ ነደባ ይባላሉ። ማን የት እንደሚቀመጥ ሥርዓት አለው፤ የአባወራው ነደባ የእንግዳ አይደለምና አስተናጋጇ ሳያመለክቱ አትቀመጡ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በስፌትና በሳህን ተሞልቷል። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካያችሁ በቤቱ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ እንዳለች ምልክት ነው ይባላል። ይህን ሁሉ ቀን ላይ በጉብኝት አሳያለሁ፤ ነገር ግን ቆሞ ያየውና በዚያው ቤት አድሮ ቁርስ የበላበት ሰው ስለ ሐረር የሚያወሩት አንድ አይደለም።

የመጀመሪያውን ቀን ከአሥር ሰዓት በፊት አትጀምሩት፤ ዕረፉ። ከዚያ ከፈረስ መጋላ ተነሥታችሁ፣ ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን ደጅ አውጥተው በሚሰፉበት በመኪና ግርግር ቁልቁል ወደ ጊድር መጋላ ውረዱ። የራምቦ ቤት በዚያው አቅራቢያ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ ሐረር መኖሩ እውነት ነው፤ ይህ ያማረ ቤት ግን ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው እንጂ እሱ የኖረበት አይደለም። ጊዜ ካጠረ የጥንቷን ሐረር ፎቶግራፎች አይታችሁ ውጡ። ሲመሽ ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲቀለብ ታያላችሁ። ግንቡ ላይ ጅቦች የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች አሉና፣ ሌሊት የተረፈውን እየለቀሙ በየመንገዱ ሲያልፉ የሚያየው እዚያው ያደረ ሰው ነው።

በማግሥቱ ጠዋት አንድ ሙዚየም ይበቃችኋል። ምርጫዬ በራስ ተፈሪ ቤት ውስጥ ያለው፣ አብዱላሂ ሸሪፍ በግላቸው የሰበሰቡት ነው፤ በእጅ የተጻፉ ቁርአኖችና ሐረር ራሷ የቀረጸቻቸው ገንዘቦች እዚያ አሉ። ከምሳ በፊት ጨርሳችሁ ወደ ድሬዳዋ ብትወርዱ የማታው በረራ አያመልጣችሁም።

አስጎብኚ ስትይዙ ዋጋውን አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ቀን ስትቆርጡ ደግሞ የሸዋል ዒድን ጊዜ ተመልከቱ። በዓሉ ከዒድ አል ፈጥር አንድ ሳምንት በኋላ ይከበራል፤ በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ ከመዘገበው ወዲህ እንግዳው በዝቷል። በዚያ ሰሞን መምጣት የምትፈልጉ ከአውሮፕላን ቲኬቱ በፊት ግንቡ ውስጥ አልጋ ያዙ።