ክረምት፣ ኮሮናና መጽሐፍ በመንዝ ደጋ

እንደሚታወቀው በአገራችን ክረምት ለተማሪ የዕረፍት ጊዜ ይባላል። ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐ ቤቴ ልጅ ግን ዕረፍቱ የስም ነው፤ አረም አለ፣ በግ ጥበቃ አለ፣ ኩበቱ ሳይረጥብ ማስገባት አለ። በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው፣ መጽሐፍ የሚወድ ሰው በእንዲህ ያለ አገር፣ በተለይም በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሁላችንንም ቤት ባስቀመጠን ጊዜ፣ እንዴት እንደሚያነብና ንባቡን ምን እንደሚወስነው ነው።

በመጀመሪያ ብርሃን ነው። የመንዝ ደጋ አብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል ወይም ያልፋል፤ የጓሳ ሜዳማ ከ3,200 ሜትርም በላይ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ ከጧት ጀምሮ ይተኛል፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ፣ አንዳንዴም በረዶው ይወርዳል። ዝናቡ ሰውን ከሥራ ያስገባል፤ ግን መስኮት በሌለው ቤት በቀትር እንኳ ፊደል አይለይም። ስለዚህ የሚነበበው በር ላይ ተቀምጦ ወይም በርኖስ ደርቦ በጎቹን እያዩ ነው። ማታ ድሮ ኩራዝ ነበር፤ ዛሬ በብዙ ቤት የፀሐይ መብራት ገብቷል። እሱም ቢሆን ፀሐይ ካልወጣች ምን ይሞላዋል?

ታዲያ አገሩ ለመጽሐፍ ባዕድ ነው ማለት አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የተወለዱት መርሐ ቤቴ ነው። እኚህ ሰው በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙ መጻሕፍትን ዝርዝር አሳትመዋል። ሌላው ሰው ከብትና መሬት ሲቆጥር እሳቸው መጽሐፍ ቆጠሩ። ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደው በ1931 ዓ.ም. መጀመሪያ እንግሊዝ አገር አረፉ። “ታሪክና ምሳሌ”ን የጻፉት ከበደ ሚካኤልም የመንዝ ተወላጅ ናቸው። በየደብሩም የብራና መጻሕፍት በቆዳ ማኅደር ተከተው፣ ከግድግዳ ላይ ተንጠልጥለው ስንት ክረምት አሳልፈዋል። የእኛ የወረቀት መጽሐፍ እንዲህ አይችልም፤ አንድ ነሐሴ እርጥበት ካገኘው ገጹ ይጣበቃል።

ወደ ኮሮናው ስንመለስ፣ የመጀመሪያው ታማሚ በአገራችን መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ወደየቤተሰቡ ተላከ። “ትምህርቱን በቴሌግራም ተከታተሉ” ተባለ። ኔትወርክ ፍለጋ ተራራ የሚወጣ ተማሪ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም። ይባስ ብሎ ሰኔ 23 ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠና ለሳምንታት ቆየ። በዚያ ክረምት ያነበበ ሰው ያነበበው ቀድሞ በስልኩ ሚሞሪ የጫነውን ወይም ቤት ውስጥ የነበረውን ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥም ያው ሆነ።

ስለ ስልክ ንባብ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት መጻሕፍት አብዛኞቹ ያለ ደራሲው ፈቃድ ፎቶ የተነሡ ናቸው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ይህን አይወድም፤ ደራሲውም እንጀራው ነው። በሌላ በኩል መጽሐፍ መደብር ደብረ ብርሃን ድረስ ለሌለው ልጅ “ገዝተህ አንብብ” ማለት ቀልድ ነው። እኔ በበኩሌ በሕይወት ያለ ደራሲ አዲስ መጽሐፍ ሲሆን አልቀበልም፤ ከገበያ የጠፋ አሮጌ መጽሐፍ ሲሆን ግን እጄ አይመለስም።

መጽሐፍ ሲያጥር ያለው መንገድ ደግሞ ማንበብ ነው። የንባብ ቤት መምህራን ይህን ያውቁበታል። ተማሪው ከመልእክተ ዮሐንስ ጀምሮ ያንኑ ጽሑፍ በግዕዝ፣ ከዚያ በውርድ ንባብ፣ ከዚያ በቁም ንባብ ይመላለስበታል፤ እስከ ዳዊት ይደርሳል። ጮክ ብሎ ነው የሚነበበው፤ መምህሩ በጆሮው ያርማል። እኛም ቤት በዚያ ክረምት “ፍቅር እስከ መቃብር”ን ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። መጀመሪያ ለራሴ ብዬ ነበር፤ ኋላ ግን ሱፍ የሚፈትሉት አያቴ “እስቲ ከፍ አድርገው” አሉ። በዚያው ጎረቤት ተጨመረ፤ በአዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ስለተከለከለ አንዳንዱ በር ላይ ራቅ ብሎ ይቆም ነበር። ጉዱ ካሣ ላይ ስንደርስ ክርክር ተነሣ። አያቴ “እሱስ ምኑ እብድ ነው፣ እብድ ያሉት ናቸው እንጂ” ሲሉ አንድ ጎረቤታችን አባባ “ይተዉ እትዬ፣ እውነት በአደባባይ የሚናገር ጤነኛ የት አይተዋል?” አሏቸው። በክፍል ውስጥ ስለ ገጸ ባሕርይ አሳሳል ብዙ ተምሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ውይይት ግን አልገጠመኝም። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የታተመ ነው፣ ስለ ጎጃም ነው፤ ሰዎቹ ግን የጎረቤት ወሬ ያህል አወቁት። ቀድሞ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አገር ጸጥ ይል የነበረውም ለዚሁ ይመስለኛል፤ የአማርኛ ልብ ወለድ ግማሽ አንባቢው አድማጭ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት ልግባ። በብዙ ኮሌጆች ተማሪ ለክረምት ከመውጣቱ በፊት መጽሐፍ መልሶ ክሊራንስ መጨረስ አለበት። እንግዲህ ለንባብ የሚመች ጊዜ ሲመጣ መጽሐፉ ይቆለፍበታል ማለት ነው። መጽሐፍ ይጠፋል የሚለው ስጋት እውነት ነው፤ ግን ለገጠር ተማሪ በዋስ ሁለት መጽሐፍ፣ ያውም ብዙ ቅጂ ካላቸው ልብ ወለዶችና የታሪክ መጻሕፍት፣ እስከ መስከረም ማዋስ የሚከብድ አይመስለኝም። ትምህርት ክፍላችን በሰኔ አንድ ጊዜ ቢሞክረውና በመስከረም ስንቱ እንደተመለሰ ቢቆጥር መልሱ ይገኛል። የሚወስዱ ተማሪዎችም መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልለው፣ ከመሬትና ከግድግዳ አርቀው፣ ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር ገጹን ገልጠው ያናፍሱት፤ አይጥ የማይደርስበት ቦታም ይፈልጉለት።