እናታችሁ ለአምስት ቀን አዲስ አበባ ሲመጡ፦ ፕሮግራም ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ



ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ በሽታ ሳይሆን ስለ ጉዞ ነው። እናት ወይም አባት፣ አክስት ወይም አያት ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባን ለማየት ከክፍለ ሀገር ሲመጡ እኛ ልጆች ስለምናወጣው ፕሮግራም። "ይሄ ደግሞ ከጤና ጋር ምን ያገናኘዋል?" እንዳትሉኝ፤ መጀመሪያ ታሪኩን ስሙና ትፈርዳላችሁ። (ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገሮችን ቀይሬያለሁ።)

አንድ ወጣት እናቱን ከአርባ ምንጭ አስመጣ። ዕድሜያቸው 62 ነው፣ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፣ አዲስ አበባን አይተው አያውቁም። ልጁ ከሥራ ፈቃድ ያገኘው ለአምስት ቀን ብቻ ስለሆነ ሁሉንም ሊያሳያቸው ፈለገ። በመጡ በማግስቱ ጠዋት እንጦጦ፣ ከሰዓት አንድነት ፓርክ፣ ማታ ዘመድ ቤት እራት። በሦስተኛው ቀን ደግሞ መርካቶ፣ ፒያሳ፣ ከዚያ ቦሌ።

እሳቸው በበኩላቸው አውቶቡሱን "አቁሙልኝ" ላለማለት ብለው ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ አልጠጡም። ሽንት የሚያበዛባቸውን የግፊት ኪኒን ደግሞ "ለአምስት ቀን ምን ይሆናል" ብለው ቤት ትተውት መጡ። ሙዙን ግን አልረሱም፤ ለጎረቤት ሁሉ የሚዳረስ ሙዝ ይዘው ነው የመጡት።

እንጦጦ ላይ ትንፋሽ አጠራቸው፣ አዞራቸው። "እርጅና ነው" አሉ። በሦስተኛው ቀን ማታ አንቀጠቀጣቸው። ቤቱ ሁሉ "የአዲስ አበባ ብርድ መታቸው" አለ። ዝንጅብል ተፈላ፣ ጋቢ ተደረበ፣ ፓራሲታሞልና አንቲባዮቲክ ተገዛ። ትኩሳቱ በረድ ሲል በአራተኛው ቀን ፕሮግራሙ ቀጠለ። በአምስተኛው ቀን እኔ ጋ ሲደርሱ ያስታውካቸዋል፣ ሲያናግሯቸውም ቶሎ አይመልሱም።

ልጁን መጀመሪያ የጠየቅኩት "ከየት ነው የመጡት?" ብዬ ነው። ደማቸው ሲመረመር ወባ ተገኘ፤ ፋልሲፓረም የሚባለው፣ ቶሎ ካልታከመ ሕይወት የሚቀጥፈው ዓይነት። አስተኝተን በደም ሥር መድኃኒት ጀመርንላቸው። ተመስገን፣ ዳኑ። ልጁ ኮሪደር ላይ ቆሞ "ዶክተር፣ የት የት እንደምወስዳት ብቻ ነው ያሰብኩት፤ እሷ እንዴት እንደምትሆን አላሰብኩም" አለኝ።

ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም። እናቱን የሚወድ ልጅ ነው። አብዛኞቻችን እንግዳ ስንጠብቅ ከተማውን ነው ፕላን የምናደርገው። ዛሬ ሰውየውን እንዴት ፕላን እንደምናደርግ ላሳያችሁ።

1. ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት በስልክ ጠይቁ

"እማዬ፣ ምን ምን መድኃኒት ነው የምትወስጂው?" ብላችሁ ጠይቁ። ስሙን ካላወቁት ጎረቤት ያለ ልጅ የእያንዳንዱን ፓኬት ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። ፎቶው ስልካችሁ ላይ ይቀመጥ፤ ድንገት ሐኪም ቤት ብትሄዱ ግማሹን ሥራ ይሠራላችኋል።

መድኃኒቱ ከሚቆዩበት ቀን ሦስት አራት ቀን ትርፍ ኖሮት፣ ጣራ ላይ በሚጫነው ሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ይምጣ። "ለጥቂት ቀን ነው" ተብሎ የሚተው መድኃኒት የለም። አንዳንድ የግፊት ኪኒኖች በድንገት ሲቋረጡ ግፊቱ ሊያሻቅብ ይችላል። የስኳር፣ የልብ፣ የሚጥል በሽታና የአስም መድኃኒትም እንዲሁ ነው።

የልብ ድካም፣ ከባድ የሳንባ ችግር ወይም ከባድ የደም ማነስ ያለባቸው ከሆነ ደግሞ ከመምጣታቸው በፊት የሚከታተላቸውን ሐኪም ያማክሩ።

2. መንገዱ ራሱ ሥራ ነው

ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ ጉዞ ነው። ሽንት እንዳይመጣ ብሎ ውሃ መተው በብዙ እናቶች ዘንድ የተለመደ ነው። ግን ውሃ ያጣ ሰውነት ያዞራል፣ ይደክማል፣ ደምም ይወፍራል። መፍትሔው ትንሽ ትንሽ እየጠጡ አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር መውረድ ነው። ስለ ረዳቱ አትፍሩ፤ አስቀድማችሁ "እናቴ ናቸው፣ አደራ" በሉት። ሽንት የሚያሸናውን ኪኒን በተመለከተ፣ የጉዞ ቀን ሰዓቱን ማሸጋሸግ ይቻል እንደሆነ ሐኪማቸውን ጠይቁ። ማሸጋሸግ ሌላ፣ መተው ሌላ።

ከአራት ሰዓት በላይ አንድ ቦታ መቀመጥ እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል። ተቀምጠው ሳሉ ቁርጭምጭሚታቸውን ከፍ ዝቅ ያድርጉ፣ ሲቆም ጥቂት ይራመዱ። ሁለቱም እግር ትንሽ አብጦ አድሮ ቢቀንስ ብዙ ጊዜ አያሳስብም። አንዱ እግር ብቻ አብጦ የሚያም ከሆነ ግን ሳይውል ሳያድር ይታይ።

3. የመጀመሪያው ቀን የዕረፍት ቀን ነው

አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ። አዲስ አበባ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከሚገኘው በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። እኛ ለምደነዋል፤ ከቆላ የመጣ እንግዳ ግን ደረጃ ሲወጣ ቶሎ ሊደክመው፣ ራሱን ሊያመው፣ እንቅልፍ እምቢ ሊለው ይችላል። አብዛኛው ሰው በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ይሻለዋል።

ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት እንጦጦ አትውሰዷቸው። የመጀመሪያው ቀን ይተኙ፣ ቡናቸውን ይጠጡ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ይዩ። እንጦጦ የግድ ከሆነ ወደ መጨረሻው ቀን ይሁን፤ እሱም በመኪና ወጥቶ ጥቂት ተራምዶ መመለስ።

4. በቀን አንድ አቅጣጫ፣ በቀን አንድ ትልቅ ነገር

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው የሚያደክመው የሚታየው ቦታ ሳይሆን መሃል ያለው መንገድ ነው። ትራፊኩ፣ የታክሲ ሰልፉ፣ ጭሱ። ቦታዎቹን በቅርበት አጣምሩ። ለምሳሌ አንድ ቀን ሉሲን ለማየት አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ሄዳችሁ እዚያው አካባቢ ምሳ መብላት ትችላላችሁ። ሌላ ቀን ፒያሳ የዓድዋ ድል መታሰቢያና እዚያው አጠገብ ያለው የአራዳ ጊዮርጊስ። ከዚያ ወደ ቤት፣ ከሰዓት ዕረፍት።

ከመውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር አረጋግጡ፦ መጸዳጃ ቤት የት አለ? መቀመጫ አለ? ደረጃው ስንት ነው? "ይደርሳሉ" አትበሉ። ብዙ እናቶች ሽንት ቤት መጠየቅ ያፍራሉ፤ እናንተ ቀድማችሁ ጠይቁላቸው።

ጫማ፦ ለከተማ ተብሎ አዲስ ጫማ አይገዛም። የለመዱት ጫማ ይሻላል፤ በተለይ ስኳር ላለባቸው፣ አዲስ ጫማ የላጠው ትንሽ ቁስል ወራት የሚያስታምም ነገር ሊሆን ይችላል።

መንገድ ስትሻገሩ እጃቸውን ያዙ። ኪሳቸው ውስጥ ደግሞ ስማቸው፣ የሰፈራችሁ ስም፣ የሁለት ሰው ስልክ ቁጥርና የሚወስዱት መድኃኒት የተጻፈበት ወረቀት ይኑር። መርካቶ ግርግር ውስጥ ብትጠፋፉና የስልካቸው ባትሪ ቢያልቅ የሚያገናኛችሁ ይህ ወረቀት ነው።

5. "በሞቴ" የሚያመጣው ጣጣ

እንግዳ ሲመጣ ዘመድ ሁሉ ይጋብዛል። በአንድ ቀን ሦስት ቤት፣ በየቤቱ "በሞቴ፣ አንዴ ብቻ"። ጨው የበዛበት ወጥ ግፊትና የልብ ድካም ላለበት፣ ለስላሳ መጠጥ ስኳር ላለበት፣ ጥሬ ሥጋ ደግሞ ለሁሉም ሆድ አይሆንም። በቀን አንድ ግብዣ ብቻ ተቀበሉ፤ ለአስተናጋጆቹም አስቀድማችሁ ንገሩ። እናታችሁ ራሳቸው እምቢ ማለት ይከብዳቸዋል፣ ነውር ይመስላቸዋል። እምቢታው የእናንተ ሥራ ነው።

ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ፣ ምግቡ ፊታቸው ሳይቀርብ ከምግብ በፊት የሚወሰደውን አይውጉ። እንግዳ ቤት ምሳ አንድ ሰዓት ሊዘገይ ይችላል፣ ስኳሩ ግን አይጠብቅም። ከረሜላ ከቦርሳቸው አይጥፋ።

6. ቤታችሁ ለእሳቸው አዲስ ነው

ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ የሚያንሸራትት ሴራሚክ፣ ማብሪያው የት እንዳለ የማይታወቅ ኮሪደር። ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ወድቀው የዳሌ አጥንት የሚሰበርባቸው አሉ። ወደ መታጠቢያ ቤት የሚወስደው መብራት እንደበራ ይደር፣ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ይድረቅ፣ የማይንሸራተት ነጠላ ጫማ ይኑር። ሐምሌና ነሐሴ ከሆነ፣ ወይም ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ፣ ሹራብና ተጨማሪ ብርድ ልብስ አዘጋጁ።

7. ትኩሳት ከመጣ፦ "ብርድ ነው" ከማለታችሁ በፊት

ከጽሑፉ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። ወባ ካለበት አካባቢ የመጣ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ትኩሳት ካለው፣ በምርመራ ወባ አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ወባ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ።

ለምን? አዲስ አበባ ከፍታዋና ብርዷ ስለማይመቸው ወባ እንደ ቆላው አይተላለፍባትም። ስለዚህ እኛ ከተሜዎች ትኩሳት ስናይ ወባ ትዝ አይለንም። ግን ምልክቱ የሚታየው ትንኟ ከነከሰች ብዙ ጊዜ ከአንድ ሳምንት እስከ አንድ ወር ቆይቶ ነው። ቫይቫክስ የሚባለው ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል። ማለትም እናታችሁ በሽታውን ይዘው ተሳፍረው፣ ምልክቱ ሳሎናችሁ ውስጥ ሊጀምር ይችላል።

ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ያበርዳል፣ ወባውን አይነካውም። የሚያዘናጋውም ይሄ ነው። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዷቸውና "ከአርባ ምንጭ ነው የመጡት፣ የወባ ምርመራ ይደረግላቸው" በሉ። ባለሙያው ሳይጠይቃችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። ቤት የተረፈ የወባ መድኃኒት ሳይመረመሩ አትስጡ።

የእናንተም ጉዳይ ነው። ለሁለት ቀን አርባ ምንጭ፣ ጋምቤላ ወይም አዋሽ ሄዳችሁ ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከመጣባችሁ ያው ሕግ ይሠራል። አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ወባን የሚቋቋምበት ልምድ ሰውነቱ ስለሌለው ቶሎ ሊጠናበት ይችላል።

ሳትዘገዩ ድንገተኛ ክፍል የምትሄዱባቸው ምልክቶች፦
• ቁጭ ብለው እያሉ ትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ሕመም
• አፍ መጣመም፣ አንድ ወገን መስነፍ፣ ንግግር መተሳሰር
• ራስን መሳት፣ መዘባረቅ፣ ከወትሮው የተለየ ድንዛዜ
• ትኩሳት ከማያቋርጥ ትውከት ጋር

እነዚህን "ከፍታው ነው፣ ይለምዱታል" ብላችሁ አትለፉ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ነው። ሁለቱንም አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።

ያቺ እናት በዓመቱ ተመልሰው መጡ። ክሊኒክ ጎራ ያሉት ታመው አይደለም፣ ሙዝ ይዘውልኝ ነው። መድኃኒታቸው በእጅ ቦርሳቸው፣ ወረቀቱ በኪሳቸው። የመጀመሪያውን ቀን ተኝተው ዋሉ፣ በሦስተኛው ቀን ጊዮርጊስን ተሳለሙ፣ በአራተኛው ቀን ሉሲን አዩ። እንጦጦን ዘንድሮም አላዩም። "ለሚቀጥለው ይቆየኝ፤ ካልሆነ በምን ምክንያት እመጣለሁ?" ብለው ሳቁ።

እንግዳ የምትጠብቁ ካላችሁ ይህን ጽሑፍ ለእህት ወንድሞቻችሁም ሼር አድርጉላቸው። ይህ ጠቅላላ ምክር ነው፣ የራሳችሁን ሐኪም ምክር አይተካም። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።