በሰው አገር ትዳር ሲናጋ የመኖሪያ ፈቃድ እንዴት ይጠበቃል?

ቀድሞ ልጁን የሚድር ወላጅ አስቀድሞ የሚጠይቀው የሙሽራውን ጠባይና የዘመዶቹን ሁኔታ ነበር። ዛሬ ግን ከልጆቻችን ብዙዎቹ ባሕር ተሻግረው ስለሚዳሩ፥ አባቶቻችን ያላወቁት አንድ ሌላ ጥያቄ ተጨምሯል። ይኸውም ትዳሩ ቢናጋ ልጅቱ በዚያ አገር በምን ሕግ ትኖራለች የሚለው ነው። ይህን በሠርግ ሰሞን ማንሣት ደስ አያሰኝም፤ ነገር ግን ባለማወቅ የሚደርሰው ጉዳት ከባድ ስለ ሆነ፥ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባትን የአሜሪካን ሕግ ይዘን ነገሩን እንመልከተው።

ለምሳሌ ያህል አንዲት ወጣት እንውሰድ። አዲስ አበባ ላይ በተክሊል ተጋብታ፥ የአሜሪካ ዜግነት ወዳለው ባሏ ትሄዳለች። የመጀመሪያውን ዓመት በሰላም ይኖራሉ፤ በሁለተኛው ዓመት ጠብ ይገባል። ሽማግሎች ተቀምጠው «እስከ ፋሲካ ታገሡ» ይላሉ፤ ፋሲካም ሲያልፍ «ፍልሰታን ደግሞ እንይ» ይባላል። እርሷ ወደ እኅቷ ቤት ትሄዳለች። ባልየውም ሲቈጣ «ወረቀትሽን አሰርዤ ወደ አገርሽ አስመልስሻለሁ» ይላታል። በዚህ ሁሉ መካከል በመኖሪያ ካርዷ ላይ የታተመው ቀን እየቀረበ ነው፤ ከተሰበሰቡት ሽማግሎች ግን ስለዚያ ቀን የጠየቃት የለም።

የዚህ ቀን ነገር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ከወጣው ሕግ ነው። ሕጉ የወጣው ለወረቀት ብቻ የሚደረገውን የሐሰት ጋብቻ ለመከላከል ሲሆን፥ የመኖሪያ ፈቃዱ በተሰጠ ዕለት ጋብቻው 2 ዓመት ያልሞላው ከሆነ፥ የሚሰጠው ግሪን ካርድ ለ2 ዓመት ብቻ የሚያገለግልና ሁኔታ የተጣለበት ነው። ይህ ሁኔታ እንዲነሣ ባልና ሚስት ካርዱ ከሚያበቃበት ቀን በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ፥ አይ 751 በሚባለው ቅጽ አብረው ማመልከት አለባቸው። ማመልከቻው ካልቀረበ ፈቃዱ ይቀራል፤ ባለካርዷም በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ፊት ልትቀርብ ትችላለች።

እንግዲህ ባልየው አልፈርምም ቢል ወይም ትዳሩ ቢፈርስ ምን ይደረጋል? ሕጉ ለዚህም በር ትቶለታል። ጋብቻው በፍቺ ካበቃ፥ ሚስት ወይም ባል የጋራ ፊርማው ግዴታ እንዲነሣለት ጠይቆ ብቻውን ሊያመለክት ይችላል። የሚጠየቀውም ጋብቻው ሲፈጸም በቅን ልቡና፥ አብሮ ለመኖር የተፈጸመ እንደ ነበረ ማስረዳት ነው። ልብ እንበል፤ ሕጉ የሚመረምረው ትዳሩ ለምን እንደ ፈረሰ ሳይሆን፥ በመጀመሪያ እውነተኛ እንደ ነበረ ነው። የፈረሰ ትዳር ወንጀል አይደለም፤ የሐሰት ትዳር ግን ወንጀል ነው፤ ቅጣቱም እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር መቀጮ ይደርሳል።

ሆኖም አንድ ነገር በጥብቅ መታወቅ አለበት። በዚህ መንገድ ለማመልከት መለያየት ብቻ አይበቃም፤ የፍርድ ቤት የመጨረሻ የፍቺ ፍርድ ያስፈልጋል። ሽማግሎች የጻፉት የመለያየት ስምምነት በእኛ ዘንድ ክብር ቢኖረውም፥ በዚያ መሥሪያ ቤት የፍቺን ፍርድ አይተካም። ፍርዱ ከተገኘ በኋላ ግን 90ውን ቀን መጠበቅ ሳያስፈልግ በማንኛውም ጊዜ ማመልከት ይቻላል። ፍቺው በፍርድ ቤት ገና በሂደት ላይ ሳለ የካርዱ ቀን ከደረሰ፥ ባልየው ለመፈረም ፈቃደኛ ከሆነ ያለውን ሁኔታ በእውነት ገልጾ አብሮ ማመልከት ይቻላል፤ ፍርዱም ሲወጣ ጉዳዩ በፍቺው ምክንያት እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል። አልፈርምም ካለ ደግሞ፥ ቀኑ ሳያልፍ ጠበቃ ማማከር የግድ ነው። አብረው ሳይኖሩ አብረን እንኖራለን ብሎ መጻፍ ግን እውነተኛውን ጋብቻ ሳይቀር የሐሰት ያስመስለዋል።

ድብደባ ወይም ብርቱ ጭካኔ የደረሰባት ሴት የፍቺ ፍርድ እስኪወጣ እንድትጠብቅ አትገደድም፤ በዚሁ ምክንያት ብቻዋን ልታመለክት ትችላለች። የፖሊስና የሐኪም ማስረጃ፥ እንዲሁም የጎረቤት ምስክርነት ይረዳታል። ባልየው «አሰርዘዋለሁ» ማለቱም ከማስፈራራት አያልፍም። ፈቃድን የሚሰጥም የሚሽርም መንግሥት ነው፤ እርሱም ቢሆን ጉዳዩ በዳኛ ፊት ይታያል። ስለዚህ ወረቀቱን ፈርታ ዱላውን የምትታገሥ እኅት ብትኖር፥ ሕጉ እንዲህ ያለውን ትዕግሥት እንዳልጠየቃት ዘመዶቿ ሊነግሯት ይገባል።

ሌሎችም ሁለት ሁኔታዎች አሉ። የመኖሪያ ፈቃዱ ገና ሳይሰጥ፥ ማመልከቻው በመታየት ላይ ሳለ ፍቺ ከተፈረደ፥ በዚያ ጋብቻ የተጀመረው ጉዳይ እንደ ደንቡ ይቆማል። የተደበደበች ሚስት ግን ከፍቺው በኋላ ባሉት 2 ዓመታት ውስጥ በራሷ ስም ማመልከት የምትችልበት መንገድ አለ። የ10 ዓመት ካርድ ለያዘች ደግሞ ፍቺው በራሱ ካርዱን አይወስድባትም፤ ዜግነት ለመጠየቅ ግን ከዜጋ ባሏ ጋር አብራ ብትኖር 3 ዓመት ይበቃት የነበረው ወደ 5 ዓመት ይሄድባታል። ባሎችም ይህን ይወቁ፦ ሚስታቸውን ሲያስመጡ የፈረሙት የመተዳደሪያ ዋስትና በፍቺ ብቻ አይቀርም።

የጋብቻን እውነተኛነት የሚያስረዳው የዕለት ኑሮ ወረቀት ነው። በሁለቱም ስም የተጻፈ የቤት ኪራይ ውል፥ የጋራ የባንክ ሒሳብ፥ አብረው ያቀረቡት የግብር ወረቀት፥ የመድን ውል፥ የልጅ የልደት ምስክር ወረቀት፥ ፎቶግራፎች፥ የተክሊሉ ምስክር ወረቀት ይጠቅማሉ። የንስሓ አባትም በንስሓ የሰሙትን ሳይሆን በዓይናቸው ያዩትን ኑሮ በጽሑፍ ሊመሰክሩ ይችላሉ። ጠብ ሲገባ ሰው ልብሱን ይዞ ይወጣል እንጂ እነዚህን አያስብም፤ በኋላም በሩ ይዘጋበታል። ስለዚህ ግልባጫቸው አስቀድሞ በሌላ ስፍራ ቢቀመጥ መልካም ነው።

ቤት የለወጠች ሴት ደግሞ አዲሱን አድራሻዋን በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ማስታወቅ አለባት። አለዚያ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ወደ ቀድሞው ቤት ሄዶ፥ ሳታነበው የተሰጣት ቀን ያልፋል። የካርዱ ቀን ያለፈባትም ብትሆን መደበቅ አይገባትም፤ ለመዘግየቷ በቂ ምክንያት ካላት በጽሑፍ ማስረዳት ይፈቀድላታል። በሁሉም ነገር የሚማከሩት ጠበቃን ወይም በአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ፈቃድ የተሰጠውን የበጎ አድራጎት ድርጅት ወኪል ነው፤ «ወረቀት እሞላለሁ» የሚል ሁሉ ሕግ ዐዋቂ አይደለም።

ይህን ስንል ፍቺን ማቅለላችን አይደለም። ዕርቅ ቢወርድ ሁለቱ አብረው ይፈርማሉ፤ ቀኑን ማወቃቸውም ዕርቁን አይጎዳውም። ቀኑን ሳያውቁ መቅረት ግን ዕርቁንም ሴቲቱንም ይጎዳል፤ ካርዷ እንዳይቀርባት ፈርታ ብቻ የተመለሰች ሚስት ታረቀች አትባልምና። ስለዚህ በሽምግልና የምትቀመጡ አባቶችና እናቶች፥ የበደሉን ነገር ከመስማታችሁ በፊት «የካርድሽ ቀን መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀኑም ቅርብ ከሆነ፥ የዕርቁን ቀጠሮ ከመስጠታችሁ በፊት ወደ ጠበቃ ላኳት።