የምርምር መንገዶች ልዩነትና አንድነት

መግቢያ

«ምርምር» የሚለው ቃል ሲነሣ በብዙ ሰዎች ሐሳብ የሚቀረጸው ነጭ ካፖርት የለበሰ ባለሙያ በቤተ ሙከራ ውስጥ በብርጭቆ ዕቃ ላይ አጎንብሶ ነው። በትምህርቱ መስክ ደግሞ ሌላ ሥዕል አለ፤ ይኸውም መጠይቅ አዘጋጅቶ ማደል፥ የተመለሰውን ቆጥሮ በመቶኛ ማስፈር ነው። ሁለቱም በእርግጥ የምርምር ዓይነቶች ናቸው፤ ይሁን እንጂ ምርምር በእነርሱ ብቻ አይወሰንም። ይህ ጠባብ አመለካከት የሚያስከትለው ጉዳትም ቀላል አይደለም። መምህሩ በክፍሉ ያጋጠመውን እውነተኛ ጥያቄ ትቶ ለመጠይቅ የሚመች ጥያቄ ፍለጋ ይሄዳል፤ ዕቅድ አውጪውም ቁጥር ብቻውን ሊመልሰው የማይችለውን ጉዳይ በቁጥር ብቻ ይወስናል። ስለዚህ በልዩ ልዩ የዕውቀት ዘርፎች ያሉ ተመራማሪዎች ማስረጃቸውን እንዴት እንደሚያገኙና እንዴት እንደሚፈትኑት ማወቅ ለሁለቱም ወገኖች ይጠቅማል። ከዚህ ቀጥሎ አምስት ምሳሌዎች ይቀርባሉ፤ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ምልከታና ሙከራ

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ ሲያጠኑ፥ ሴቶች ልብስ በሚያጥቡበት ሥፍራ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ሞተው ተመለከቱ። የበሽታው ጥገኛ ትል ዕድገቱን ከሚፈጽምባቸው ፍጥረታት አንዱ በውኃ ውስጥ የሚኖር ቀንድ አውጣ በመሆኑ፥ ይህ ለአጥኚው ተራ ነገር አልነበረም። ልብሱ የሚታጠበው በእንዶድ ነበር። እንዶድ ለብዙ ዘመን ልብስ ሲያነጻ ኖሯል፤ በዚያው መጠን ቀንድ አውጣውን ሲገድል ኖሯል፤ ሁለቱን ያገናኘው ግን ጥያቄ ይዞ ወደ ወንዙ የወረደ ሰው ነው።

ምልከታው ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ቀንድ አውጣዎቹን የገደለው ሌላ ምክንያት ሊሆን ይችል ነበርና። ስለዚህ በሕይወት ያሉትን ወስዶ የእንዶዱን አረፋ መጨመርና ውጤቱን ማየት አስፈለገ፤ ሞቱም። ከዚያም ጉዳዩ ወደ ቤተ ሙከራ ገባ፤ በመጨረሻም ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ ከተማ በተካሄደ የመስክ ሙከራ ተፈተነ። የሙከራ ምርምር ባሕርይ ይህ ነው፤ አንዱን ነገር እየለወጡ፥ ሌላው እንዳይለወጥ እየተጠነቀቁ፥ ውጤቱን ደጋግሞ ማየት።

2. ሊደገም የማይችለውን ማጥናት

በኅዳር ወር 1974 ዶናልድ ጆሃንሰንና ባልደረቦቹ በአፋር፥ ሐዳር በተባለው ሥፍራ ድንቅነሽ የተባለችውን ቅሪተ አካል አገኙ። ከአጽሟ 40 በመቶ ያህል የተገኘ ሲሆን ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ይህን ዘመን በቤተ ሙከራ መልሶ ማስኬድ አይቻልም። ታዲያ ዕድሜዋ በምን ታወቀ? ቅሪተ አካሉ በተገኘበት የአፈር ንብርብር አጠገብ የእሳተ ገሞራ አመድ አለ። በአመዱ ማዕድናት ውስጥ ፖታሲየም በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ስለሚለወጥ፥ የተጠራቀመውን አርጎን በመለካት አመዱ የወረደበትን ዘመን ማስላት ይቻላል። ቀጥ ብላ በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበረም የዳሌዋና የጉልበቷ አጥንቶች ቅርጽ ይመሰክራል። እዚህ ላይ ተመራማሪው እንደ ዳኛ ነው፤ ድርጊቱን አላየም፤ ነገር ግን እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ምስክሮች ሲስማሙ ይፈርዳል።

3. ብራናን ከብራና ማስተያየት

መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ በ1773 የግዕዙን ቅጂ ይዞ ወደ አውሮፓ ከተመለሰ በኋላ የብዙ ሊቃውንት መመርመሪያ ሆነ። በ1952 በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ በአራማይክ የተጻፉ የመጽሐፉ ቁርጥራጮች ተገኙ፤ በ1976ም ታትመው ወጡ። በዚህም የግዕዙን ንባብ እጅግ ጥንታዊ ከሆነ ምስክር ጋር ለማስተያየት ተቻለ።

የዚህ ዘርፍ ተመራማሪ መሣሪያው ዓይኑና የቋንቋ ዕውቀቱ ነው። ቁም ጸሐፊ ሲገለብጥ መስመር ይዘላል፤ «ሀ»ን በ«ሐ» ይለውጣል፤ በኅዳግ የተጻፈውን ማብራሪያ ወደ ንባቡ ያስገባል። ሁለት ብራናዎች አንድ ዓይነት ስሕተት ቢጋሩ ምንጫቸው አንድ ሳይሆን አይቀርም። በዚህ አኳኋን የብራናዎች የትውልድ ሐረግ ይሳላል። ሥራው ሁሉ አስቀድሞ የትኛው ብራና የት እንዳለና ምን እንደያዘ በማወቅ ላይ ይመሠረታል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ (1931–2021) በአሜሪካ ሚኒሶታ ሆነው በማይክሮፊልም የተነሡ በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎችን መርምረው ዝርዝራቸውን ማዘጋጀታቸው ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ዝርዝር ማዘጋጀት ተራ የጽሕፈት ሥራ የሚመስለው ሰው ካለ፥ ያለ ዝርዝር የሚመረመር ነገር እንደማይኖር ማስታወስ ይገባዋል።

4. በአመክንዮ ማረጋገጥ

በሂሳብ ትምህርት ምሳሌ ማብዛት ማረጋገጫ አይሆንም። ተማሪዎች አንድ ሺህ ሦስት ማዕዘኖች ለክተው የማዕዘኖቻቸው ድምር 180 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ቢያገኙት እንኳ፥ አንድ ሺህ አንደኛው እንዲሁ ስለመሆኑ ዋስትና የላቸውም፤ ዋስትናው የሚገኘው ከመነሻ ሐሳቦች ደረጃ በደረጃ በሚወርድ አመክንዮ ነው። ፈረንሳዊው ፌርማ በ1637 ገደማ ያሰፈረው የቁጥሮች ጥያቄ ከ350 ዓመታት በላይ መልስ ያላገኘው በዚህ ምክንያት ነበር። እንግሊዛዊው አንድሩ ዋይልስ በ1993 ማረጋገጫውን ማግኘቱን አስታወቀ፤ ሥራውን የመረመሩት ባለሙያዎች ግን ጉድለት አገኙበት። ዋይልስ ከሪቻርድ ቴይለር ጋር ሆኖ በ1994 ጉድለቱን አስወገደ፤ በ1995ም ሥራው ታተመ። ጉድለቱ መገኘቱ ለምርምሩ ውርደት ሳይሆን የአሠራሩ ጤናማነት ምልክት ነው።

5. ጥያቄውን የሚተረጉም ተጠኚ

የስዊሱ ተመራማሪ ዣን ፒያዤ (1896–1980) ስለ ሕፃናት አስተሳሰብ ከጻፋቸው ዋና ዋና ሥራዎች አንዳንዶቹ የተመሠረቱት በሦስቱ ልጆቹ የቅርብ ክትትል ላይ ነው። በትንሽ ቁጥር የተጀመረው ጥናት በዓለም ዙሪያ መምህራን ሕፃናትን የሚያዩበትን ዓይን ለወጠ። ሆኖም የሰው ልጅ እንደ ቀንድ አውጣ አይደለም፤ የተጠየቀውን ይተረጉማል፤ የጠያቂውንም ፍላጎት ይገምታል። ማርጋሬት ዶናልድሰን በ1978 ባሳተመችው መጽሐፍ እንዳስረዳችው፥ እኩል ቁጥር ካላቸው ሁለት ረድፎች አንዱን አዋቂው ራሱ ሲያዛንፈው የቁጥሩን እኩልነት የሚስቱ ብዙ ሕፃናት፥ አንድ «አጥፊ» የድብ አሻንጉሊት በድንገት ያዛነፈው ሲመስል ግን በትክክል መልሰዋል። እንግዲህ በመጀመሪያው ፈተና የተለካው የሕፃኑ የቁጥር ችሎታ ብቻ ሳይሆን አዋቂውን የተረዳበት መንገድም ጭምር ነበር። ፈተና ለሚያወጣ መምህር ሁሉ ይህ ማስጠንቀቂያ ነው።

የጋራ ባሕርያቸው

እነዚህ አምስት መንገዶች በመሣሪያም በማስረጃም ይለያያሉ፤ ሆኖም በሦስት ነገሮች አንድ ናቸው። አንደኛ፥ ጥያቄው ከዘዴው ይቀድማል። ሁለተኛ፥ ተመራማሪው ሐሳቡን ሊያፈርስ የሚችለውን ማስረጃ ራሱ ይፈልጋል። ሦስተኛ፥ የሄደበትን መንገድ ሌላው ሰው ተከትሎ እንዲፈትነው በግልጽ ያስቀምጣል። እነዚህ ሦስቱ ከሌሉ ሠንጠረዥ ቢበዛም ምርምር አይባልም።

ለትምህርት ሥራ ያለው ትርጉም

ለምሳሌ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሴት ተማሪዎች ትምህርት ያቋርጣሉ እንበል። ስንቶቹና ከየትኛው ክፍል እንዳቋረጡ የሚናገረው የስም መጥሪያው መዝገብ ነው፤ ይህ የቆጠራ ሥራ ነው። ለምን እንዳቋረጡ ግን መዝገቡ አይናገርም፤ ከልጆቹ፥ ከእናቶቻቸውና ከአባቶቻቸው ጋር ረጋ ብሎ መነጋገርን ይጠይቃል፤ እነርሱም ጠያቂውን ደስ ለማሰኘት ሊመልሱ እንደሚችሉ መዘንጋት አይገባም። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ለማወቅ የቆዩ መዛግብትንና የአካባቢውን ሽማግሌዎች ማስተያየት ያሻል። የታሰበው መፍትሔ ይሠራ እንደሆነ ለመለየት ደግሞ መፍትሔው የተሞከረበትን ካልተሞከረበት ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። አንዱ ችግር አራት ጥያቄዎችን ወለደ፤ ለአራቱም አንድ መጠይቅ ብቻ ያደለ አጥኚ የአንዱን እንኳ በቅጡ ላያገኝ ይችላል፤ በዚያ ላይ ተመሥርቶ በሚወጣው ዕቅድም ገንዘቡ ይባክናል፤ ልጆቹም ከቤት ይቀራሉ።

ስለዚህ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች የተግባራዊ ምርምር ሥልጠና ሲሰጥ፥ ሠልጣኙ ከመጠይቅ አዘገጃጀት በፊት ጥያቄን ለይቶ ማውጣትንና ለጥያቄው የሚስማማውን የማስረጃ ዓይነት መምረጥን ቢማር መልካም ነው። በየትምህርት ዓይነቱም የሳይንስ መምህሩ ሙከራን፥ የታሪክ መምህሩ ምስክርን ከምስክር ማመዛዘንን፥ የቋንቋ መምህሩ ንባብን ከንባብ ማስተያየትን፥ የሂሳብ መምህሩ ማረጋገጫን ቢያለማምድ፥ ተማሪው ዕውቀት በልዩ ልዩ መንገድ እንደሚገኝ ከልጅነቱ ይረዳል። ዕቅድ አውጪዎችም የጥናት ሪፖርት ሲቀርብላቸው ከውጤቱ አስቀድመው «ይህ ጥያቄ በዚህ ዓይነት ማስረጃ ሊመለስ ይችላልን?» ብለው ቢጠይቁ፥ ብዙ ስሕተት ከመሠራቱ በፊት ይታረማል።